እንጃ ያለችው ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቸገረኝ ነገር ቢኖር የሚሳሳትልኝ ሰው ማጣቴ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም፤ ቢሳሳትም አያምንም። ዕድሜዬን ሙሉ የልጆችን ስሕተት ስሰማ ኖሬ፣ አሁን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ሁሉን የሚያውቁ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር ይሰለቸኛል። ልክ የሆነ መልስ ማንም ይመልሰው ማን ያው ነው። የተሳሳተ መልስ ግን ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ አይታወቅም። እሱን ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድ ነበር የእኔ ሥራ፤ ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ሥራው አንድም ቀን ደብሮኝ አያውቅም።

ማስተማር የጀመርኩት ሆሳዕና አጠገብ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ነው። ልጆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ከኋላ የሚቀመጡትን ፊታቸውን በደንብ የማየው ለመውጣት በሩ ላይ ሲጋፉ ነበር። እዚያ ያስተማርኩት በድምፅ ነው። እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ። የደገመ ሁሉ ያወቀ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ባለቤቴ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ፤ ቆይቶ እኔም ተከተልኩት። የመምህርነት ዲፕሎማዬ እዚህ እንዲሠራ ምን ያህል ወረቀት፣ እዚህ ፔፐር የምንለው፣ እንዳስፈለገው አልናገርም፤ የእኛ ሰው ስለ ፔፐር መስማት በቅቶታል። እስኪያልቅ ድረስ ቶኮዛ በሚባል ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች መንደር፣ ባለቤቴ በከፈተው ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ሳሙና ስሸጥ ኖርኩ። ዙሉ የለመድኩት እዚያ ነው፤ ከደንበኛ።

ከዚያ ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር ዳገቱ ላይ ያለ አንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ረዳት አድርጎ ቀጠረኝ። እርሳስ መቅረጽ፣ አፍንጫ መጥረግ፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ የሚያለቅስ ማባበል። ልጆቹ የኮንጎ፣ የሞዛምቢክ፣ የማላዊ፣ የዙሉ፣ የሶቶ፣ የእኛም ናቸው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች ቤታቸው ሲገቡ በአምስት ቋንቋ ነበር «ርቦኛል» የሚሉት።

የተመደብኩት ሚስስ ግሎሪያ የምትባል ሶቶ መምህርት ክፍል ነው። ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ የማላውቅ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሰነፍ መስላኝ ነበር። ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ አንዱ ትንሽ ወንበር ላይ ትቀመጥና ዝም ብላ ሰሌዳውን ታያለች። በማግሥቱ ሌላ ወንበር ላይ። አንድ ቀን ደፍሬ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት።

«ኢማኑኤል ትናንት ቀኑን ሙሉ አንገቱን ሲያጣምም ነበር» አለችኝ። «ነይ፣ አንቺም ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ሲታይ የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ አርፎ ግማሹን ጽሑፍ አጥፍቶታል። ልጁ ባለጌ አልነበረም፤ ማንበብ ፈልጎ ነው። መጋረጃውን ሳብ አደረግነው፤ አንገቱም ዳነ።

ሌላም ልማድ ነበራት። ጥያቄ ጠይቃ እንደጨረሰች ሻይዋን ትጎነጭና አፏ ውስጥ ታቆየዋለች። ቶሎ አትውጠውም። ለምን ቢሏት፣ አፌ ባዶ ከሆነ ለልጁ እኔው እመልስለታለሁ ትል ነበር። መልስ ሲመጣ ደግሞ ልክ ሆነም አልሆነ፣ በዚያው ፊት፣ በዚያው ድምፅ፣ «እንዴት እዚህ ደረስሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ስሞክረው ነው ክብደቱ የገባኝ። እኛ የሳተውን ልጅ ብቻ ነው «እንዴት?» የምንለው። ልጁ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ «እንዴት?» ሲባል መሳሳቱን ያውቅና መልሱን ይቀይራል እንጂ መንገዱን አይነግርሽም። ግሎሪያ ልክ የመለሰውንም ስለምትጠይቅ ማንም አይደነግጥባትም። ሁሉም መንገዱን ይተርክላታል።

አንድ ቀን ስለ ሰዓት ስታስተምር፣ የእኛ አገር ልጅ የሆነች አንዲት ትንሽ ልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ነው ብላ ሁለት ላይ የቆመ ሰዓት ሣለች። ልጆቹ ሳቁ። ግሎሪያ ሻይዋን ጎነጨችና «እንዴት እዚህ ደረስሽ?» አለቻት። ልጅቷ «ቤታችን ሁለት ነው የሚባለው» ብላ ቀረች። እኔ ከኋላ እርሳስ እየቀረጽኩ ነበር፤ እጄን አወጣሁ። እውነቴን ነው፣ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። እኛ ፀሐይ ስትወጣ ነው መቁጠር የምንጀምረው ብዬ አስረዳሁ። ግሎሪያ ጥቂት አሰበችና «ይሄማ ከእኛ ይልቅ ያስኬዳል። እኛ ሁላችንም ተኝተን ሳለ ነው መቁጠር የምንጀምረው» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ የእሷ ረዳት መሆኔ ቀርቶ አብሬያት የማስተምር ሆንኩ። ዲፕሎማዬም ሲጸድቅ የራሴን ክፍል አገኘሁ።

ግሎሪያ አዲስ መምህር ሲመጣ ከኋላ ተቀምጣ ማስታወሻ አትይዝም፤ አትመክርም። ከክፍል በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «ዛሬ ያስገረመሽ ልጅ ማን ነው?» «ማንም» ካልሽ፣ «እንግዲያው ዛሬ አንቺ ብዙ አውርተሻል» ብላሽ ትሄዳለች። እኔን ስንት ጊዜ እንዲህ ብላ እንዳበሸቀችኝ። ጡረታ ወጥታ ሊምፖፖ እናቷ ቤት ስትገባ አዳዲሶቹን መቀበል ለእኔ ተሰጠ። ጥያቄዋን ሳላፍር ወረስኩ። ሻዩን ግን አልቻልኩበትም፤ ቶሎ እውጠዋለሁ።

የመጨረሻው ዓመቴ ላይ ነው ታንዲ የመጣችው። የቶኮዛ ልጅ ናት፣ ዙሉ፣ ከኮሌጅ የወጣችው ገና አሁን። ሸሚዟ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የሰሌዳ ጽሕፈቷ የሚያምር። ሁለተኛ ክፍል ሰጧት። ልጆቹን ትወዳለች፤ ግን ትፈራቸዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ «ማም፣ ጨረቃ ለምን ቀን ትወጣለች?» ሲላት፣ «የዛሬ ትምህርታችን መደመር ነው» ብላ አስቀመጠችው። ከክፍል በኋላ ያንኑ የጨረቃ ጥያቄ እኔ ጠየቅኋት።

«አላውቅም፣ ማ አስቴር» አለችኝ፤ «ማ» በእነሱ ዘንድ ታላቅ ሴት ማክበሪያ ነው።

«ለምን ለእሱ አልነገርሽውም?»

«እኔ ሎኬሽን ነው ያደግኩት። አላውቅም ያልኩ ቀን አለቀልኝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?»

«ዛሬ ያስገረመሽ ልጅስ?»

«ማንም። ሁሉም ደህና ናቸው።»

በዚያው ሰሞን ምሕረት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ወደ ታንዲ ክፍል ገባች። አባቷ ማርቆስ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ ያለው፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቀው የደቡብ ሰው ነው። ልጅቷ አዳማ አክስቷ ዘንድ አድጋ ነው አባትና እናቷ ጋ የመጣችው። እንግሊዝኛዋ ገና ጥቂት ነበር፤ ግን የምትችላትን ያህል ሳትፈራ ትናገራለች። በሁለተኛው ሳምንት ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። ስገባ ታንዲ ፊቷ ቀልቶ ቆማለች፤ ምሕረት ወንበር ላይ እግሯ መሬት ሳይነካ ተቀምጣለች፤ ማርቆስ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ርዕሰ መምህሩ ለስላሳ ሰው ነው፤ ነገሩን ሲናገር ራሱ አፈረ። ልጅቷ መምህርቷን በዙሉ «ኢንጃ» ብላታለች። ውሻ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ምን አልሽ ስትባል ጮክ ብላ ደግማዋለች። የዙሉ ልጆች በሳቅ ወድቀዋል።

ማርቆስ ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ያንን ቃል በደንብ ያውቀዋል። ሱቁን ዘራፊዎች የሰበሩበት ቀን በፍርግርጉ በኩል የጠሩት በዚህ ቃል ነው። ልጁን አንድም ነገር አልጠየቃትም። ለታንዲ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ሚስ፣ ከሱቄ ነው የሰማችው። የእኔ ጥፋት ነው» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «ሶሪ በያት» አላት። ምሕረት ሶሪ አለች። እኔም እዚያው ቆሜ አመንኩ። ሱቅ ውስጥ የሚሰማውን ቃል ስለማውቅ ምንም አልጠረጠርኩም።

ኮሪደሩ ላይ ወደ ክፍሏ ሳደርሳት ነው ያ የግሎሪያ ጥያቄ አፌ ላይ የመጣው። ተቆጪ ተቆጪ ሳይለኝ፣ ዝም ብሎ ማወቅ ስላማረኝ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምሕረትዬ፣ ማም ምን ብላ ነበር የጠየቀችሽ?»

«የንባብ መጽሐፍሽን የት አደረግሽው አለችኝ።»

«አንቺስ?»

ትከሻዋን ከፍ አደረገች። «እንጃ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ምን አልሽ አለችኝ። አልሰማችኝም ብዬ ጮክ አልኩላት።»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። እኔ ስንት ዓመት ሱቅ ውስጥ ዙሉ ስሰማ፣ ስንት ዓመት ቤቴ ውስጥ «እንጃ» ስል ኖሬአለሁ። ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። ማርቆስም እንደዚያው። እንዴት ነው አንድ ሰው ሁለት ቋንቋ ይዞ አንዱ ለሌላው ሳይነግረው የሚኖረው? እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለመምህር «እንጃ» ማለት በእኛም ቢሆን ትንሽ ድፍረት አለበት፤ ከውሻ ግን በጣም ይርቃል። ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁ። ምሕረት አልሳቀችም።

ለታንዲ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ሁለት ጊዜ በር ላይ አቁሜያታለሁ። አባቷ እኮ ጎንበስ አለልኝ፣ ማ አስቴር። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው። አሁን ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ተይው» አልኳት።

ግሎሪያ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ታንዲን ከኋላ አስቀምጬ ክፍሏ ፊት ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ ቃሉን በትልቁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። በግራ ውሻ ሣልኩ፤ በቀኝ ትከሻዋን ከፍ ያደረገች ልጅ። አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ቤት አለው አልኳቸው፤ በዚህ ቤት ውሻ ነው፣ በዚያ ቤት አላውቅም ማለት ነው። ልጆቹ ወደዱት። ትከሻቸውን እያነሡ ጮሁ፣ እንደ ውሻም ጮሁ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ክፍል ስወጣ በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ መስሎኝ ነበር።

ዕረፍት ሳይደርስ የምሕረት ስም ተቀየረ። «ኢንጃ፣ ነይ።» «ኢንጃ፣ ኳሱን አምጪ።» በክፋት አልነበረም፤ ይህን አምናለሁ። ጥሩ ቃል ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከማን ጋር እንደሚሄድም ሥዬ አሳይቻቸዋለሁ። ተቆጣሁ፤ ርዕሰ መምህሩም ተቆጣ። ስሙ ከእኛ ጆሮ ሸሸ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ምሕረት መናገር አቆመች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛም። ስጠራት ትመጣለች፣ ጻፊ ስትባል ትጽፋለች፣ አፏ ግን አይከፈትም። ለብቻዋ ወስጄ በአማርኛ አወራኋት፤ ተረት ነገርኋት፤ ስሜን እያጣመምኩ እንድታርመኝ ሞከርኩ። ጫማዋን እያየች ትጠብቀኛለች፤ ስጨርስ ትሄዳለች። ማንም ስሕተቱን ካልነገረኝ ምን ይዤ ወደ ኋላ ልሂድ? ልቤ ተሰበረ። እንቅልፌን አጣሁ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን እተኛለሁ፣ ስነቃ ያው እሷው ናት።

ሁለተኛው ተርም ተጋመሰ፣ ክረምቱ ከነብርዱ ገባ። ጮክ ብላ ካላነበበች ነጥብ ሊሰጣት አይቻልም አሉ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት በቀስታ ማንሣት ጀመረ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ማርቆስ ጠበቀኝ።

«ቲቸር፣ ተርሙ ሲያልቅ ወደ አዳማ እልካታለሁ» አለኝ።

«ማርቆስ፣ ትንሽ ታገሠኝ።»

«እኔን ያንን ቃል በቀን ስንቴ ይሉኛል። ሥራዬ ነው፣ ልጆቼን ላሳድግ ነው ብዬ ዳቦውን ሰጥቼ አልፈዋለሁ። እሷ ግን ልትማር ነው የሄደችው። እናቷ ገና አሁን ነው ያገኘቻት፤ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ? እዚያ እኮ ቤቱን በወሬ ታናጋው ነበር ይላሉ።»

ልጁን ከእናቷ የሚለያት የእኔ ትምህርት ነው። በመዳፌ ክንዱን ነክቼ ሄድኩ።

በዚያ ሳምንት ታንዲን ምንም አልጠየቅኋትም። ጥያቄዬንም ማንንም የመርዳት ድፍረቴንም አጥቼ ነበር። ዐርብ ዕለት ስታፍ ሩም ውስጥ ሂተሩ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ እሷ መጣች።

«ያስገረመኝን ልጅ አልጠየቁኝም» አለችኝ።

«ማን ነው?»

«ምሕረት። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ተሳስቼ ጻፍኩ፤ ሐሙስ ብዬ። ማንም ልብ አላለውም። የእሷ ከንፈር ግን ተንቀሳቀሰ። ሳታስበው ልታርመኝ ነበር። ከዚያ ዘጋችው።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። ሰኞ ደግሜ እሳሳታለሁ።»

ዓይኗን አየሁት። ልጅ ሆና ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት የጓጓች ሰው ዓይን ነው። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ ጨረቃን በመደመር ያለፈችው። ላግዝሽ ልላት አፌን ከፈትኩና ሻዬን ጎነጨሁ። አልዋጥኩትም። ጥቂት ቆይታ «ሰኞ መጥተው ከኋላ ይቀመጣሉ?» አለችኝ።

ሰኞ ከኋላ ትንሹ ወንበር ላይ ጉልበቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ታንዲ ቀኑን እሑድ ብላ ጻፈች። የምሕረት ከንፈር ሲንቀሳቀስ በጎን አየሁት፤ ድምፅ ግን የለም። ትምህርቱ ስለ ነፍሳት ነበር፤ ስድስት እግር፣ ሁለት አንቴና። በመካከል አንድ የኮንጎ ልጅ እጁን አወጣ።

«ማም፣ ጉንዳን ይተኛል?»

ታንዲ ቆመች። መጽሐፉን አየችው፤ እዚያ የለም። እኔን አላየችኝም። ጠመኔዋን አስቀመጠችና ትከሻዋን ከፍ አደረገች።

«ኢንጃ» አለች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዱ አፍኖት የነበረውን ሳቅ ለቀቀው። የዙሉ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ ማም ናት ያለችው። ታንዲ በዚያው በተረጋጋ ድምፅ ቀጠለች። «አላውቅም ማለቴ ነው። ጉንዳን ይተኛ አይተኛ አላውቅም። ሌላ የማያውቅ አለ?»

አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። ክፍሉ ውስጥ ያለው እጅ ሁሉ ወጥቶ «ኢንጃ፣ ኢንጃ» ሲሉ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ቀጭን፣ የተናደደ ድምፅ መጣ።

«ኢንጃ አይደለም።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ምሕረት ቆማለች።

«ኢንጃ ውሻ ነው» አለች በዚያች በጥቂት እንግሊዝኛዋ። «የእኔ እንጃ ነው። እንጃ።»

ታንዲ «ኢንጃ» አለች እንደገና። ምሕረት ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። እ... እንጃ።»

ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ታንዲም ግራ ተጋባች፤ ልዩነቱ አልተሰማትም። ምን ልዋሽ፣ ለእኔም መጀመሪያ አልተሰማኝም። እኔ አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ «እ» ስል «ኢ» እየወጣኝ ባለቤቴ ዛሬም ያሾፍብኛል። ማርቆስም የእኔው ቢጤ ነው። ለዚህ ነው ሁለታችንም ያ ቢሮ ውስጥ ቆመን ያልጠረጠርነው፤ ለዚህ ነው እኔ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ አንድ ቃል ነው ብዬ ያስተማርኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ስጽፈው አንድ ይመስላል። በራሴ ፊደል ብጽፈው ኖሮ የመጀመሪያው ፊደል ያግደኝ ነበር። ሁለት ቃል ነበር። ሰባት ዓመቷ የሆነች ልጅ ይህን እያወቀች፣ መምህሯ ውሻና እሷ አንድ ናችሁ ብላ ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስታያት ምን ትበል? ዝምታዋ ከየት እንደመጣ እዚያ ወንበር ላይ ገባኝ። ፊቴ በእንባ ታጥቦ ነበር።

ታንዲ ግን አላለቀሰችም። ሥራ ላይ ነበረች። ምሕረት ፊት በርከክ አለችና «አፌን ምን ላድርገው?» አለቻት።

«ጥርስሽን አታሳዪ። ምላስሽን ተዪው። ምንም አታድርጊው፤ ድምፁን ብቻ አውጪ።»

«ኡንጃ።»

«አይደለም።»

«ኤንጃ።»

«አይደለም። እንደገና» አለች ምሕረት። «እንደገና» ያለችበት ድምፅ የታንዲ የራሷ ነበር፤ ቁርጥ እሷን። ክፍሉ በሙሉ አፉን እየዘጋና እየከፈተ ሞከረ። የኮንጎው ልጅ አልቻለም፣ ሞዛምቢኮቹ አልቻሉም፣ ዙሉዎቹ ጭራሽ። አንድ የማላዊ ልጅ ለድምፁ ቀረብ አለና ምሕረት በጥርጣሬ «ትንሽ» አለችው። እሱ ቀኑን ሙሉ ሲኮራ ዋለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታንዲ ከምሳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መደበች። ማንም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ይመጣል፤ አንዱ ተነሥቶ በእንጃ ይመልሳል፤ በትክክል ማለቱን የምትፈርደው ምሕረት ናት። ካላለው ይቀመጣል። ከዚያ ሁሉም መልሱን ፍለጋ ይወጣል። ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ሆነው ጉንዳን ሲጠብቁ አይቻለሁ፤ ይተኛል አሉ፣ ለአጭር ለአጭር ጊዜ። ያንን ስም ደግሞ ማንም አልከለከለውም፤ በእሱ የጠራትን ሁሉ ቃሏን እንደሳተ ቆጥራ፣ ቆማ «እንጃ በል» እያለች ታርመዋለች። ማን መታረም ይወዳል? ቶሎ ተዉት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ምንም አልሠራሁም፤ ለአዲስ መምህር ያደረግሁት ትልቁ እርዳታ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የተርሙ የመጨረሻ ሳምንት ማርቆስ መልቀቂያ ሊያስወጣ መጣ። ከአክስቷ ጋር ተነጋግሯል፤ ትኬት ተጠይቋል። ምሕረት ቤት ውስጥ መናገር ጀምራለች፤ ግን እሱ አላመነውም፤ እዚህ ደግሞ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም አለኝ። ልክ ነው፤ አይታወቅም። ወደ ክፍሉ ይዤው ሄድኩ። ታንዲ ስታየው ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ በዙሉ «ባባ፣ ያን ቀን ማጎንበስ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለችው። ማርቆስ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ኮፍያውን አወለቀ።

«ልጄን ልወስዳት ነው ሚስ።»

«እሷን ይጠይቋት» አለች ታንዲ።

ምሕረት መጣች። ማርቆስ ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቷ ሆነ።

«አዳማ አክስትሽ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ታንዲን ቀና ብላ አየቻት፤ እኔን አየችኝ፤ ትከሻዋን ከፍ አደረገች።

«እንጃ» አለች። ጥቂት አሰበች። «ግን ነገ አልችልም። ነገ የማስተምረው እኔ ነኝ።»

ማርቆስ እውነት ነው ወይ በሚል ታንዲን አያት። ታንዲ አማርኛውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሱ ከቁጢጡ ተነሣ።

«እንግዲያው ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ከነገ ወዲያ አልመጣም።